የበቅሎዬ የወይዘሮ ጭነት

ባለፈው ማክሰኞ ዝናቡ ሲያባራ ጉልበቴን ላስመረምር ወደ አማን ሆስፒታል ስወርድ አንድ ባጃጅ ጭቃ እየረጨብኝ አለፈ። ልሳደብ አፌን ስከፍት ሽታው ቀደመኝ። ከኋላ ወንበሩ ላይ ሁለት ጆንያ ጀንፈል ቡና ጭኗል፤ ጆንያው በዝናብ ርሷል። የራሰ ጆንያና ከነልጣጩ የደረቀ ቡና አንድ ላይ ሲሸት ምን እንደሚመስል በቅሎ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ላብ ያላበው ጀርባ ብቻ ነው የጎደለው፣ ሌላው ሁሉ ሙሉ ነበር። ስድቤን ዋጥኩና መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። አንዲት ሴትዮ ዘንቢሏን አስቀምጣ «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። «አላመመኝም፣ መንገድሽን ሂጂ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን አሞኝ ነበር፤ ጉልበቴን አይደለም እንጂ።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ሦስት ልጅ ወልጄ፣ ከሚስቴ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ። እሷ ቀድማኝ ነው ያነበበችው፤ እስክትሞት ድረስ ስታሾፍብኝ ኖረች። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። ነገሩን ግን አላንጋድደውም። አንድ ጊዜ አንጋድጄው የሆነውን ነው የምጽፈው።

ያኔ ከተማችን ሚዛን እንዲህ አልነበረችም። ባጃጅ የሚባል ነገር አልመጣም። መንግሥት ከተለወጠ ቆይቷል፣ ግን አስፋልቱ ገና ወሬ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ አንድ የካሴት ሱቅ ነበረ፣ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ቀኑን ሙሉ ትዝታ የሚያስለቅስ፤ አውቶቡስ የሚጠብቁት ሴቶች እንኳን ሻሻቸውን እያስተካከሉ አብረው ያንጎራጉሩ ነበር። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣል፤ ፓስቲ ደግሞ እጅ የሚሞላ ነበር፣ እንደ ዛሬው በንፋስ የተነፋ አይደለም። እኛ በቅሎ ነጂዎች ከገበያው በላይ እህል ወፍጮው አጠገብ ነበር የምንውለው። ልብሳችን ካኪ ቁምጣ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ከሰልባጅ የተገዛ ካፖርት፣ ለዝናብ ደግሞ ከአንገት የሚታሰር ላስቲክ ነው። ከወፍጮው የሚወጣው ዱቄት ሲያርፍብን ሁላችንም የሸበትን እንመስል ነበር። እኔ ዕድሜዬም ስለነበር ከሁሉም በላይ እመስል ነበር።

ሥራችን ከሸዋ ቤንች ወዲያ መኪና ከማይገባበት ጫካ ቡና እየጫኑ ማውረድ ነው። ዝናብ ከጣለ አይሱዙው አፋፉ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ በቅሎ ግን ትወርዳለች። የኔዋ ቡላ በቅሎ ነበረች፣ ከቦንጋ ገበያ ያመጣኋት። ስሟን ወይዘሮ ያልኳት በአረማመዷ ነው። ጭቃ ስታይ ቆም ትላለች፣ ታያለች፣ ከዚያ እግሯን እንደ ሰርግ ቤት ሴት መርጣ ታስቀምጣለች። ብትመታትም አትቸኩልም። ከድር የሚባል የጅማ ሰው ነበር ጓደኛዬ፣ አፉ የማያርፍ፤ «አየለ፣ ሚስትህን እንኳን እንዲህ ጠብቀህ አታውቅም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው።

አንድ ወግ ነበረን። የበቅሎን ጭነት ለእንግዳ ሰው አንናገርም። ይሄን ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ መጀመሪያ የነገሩኝ ነገር ይሄ ነው፣ መጫኛ እንኳን ማሰር ሳያሳዩኝ። እንግዳ ሰው «ምን ያህል ትሸከማለች?» ካለህ ግማሹን ንገረው። ሙሉውን ከነገርከው «ውይ! ይሄን ሁሉ!» ይላል፣ ዓይኑ ያርፍባታል፣ አፋፉን ሳትወጣ ትተኛብሃለች። ስትተኛ ያየኋት በቅሎ አለች፣ ስለዚህ አምን ነበር። ዛሬስ? ዛሬ አላውቅም። ያቺ የተኛችው በቅሎም በዓይን ይሁን በጭነት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ጥቂት ዓመት ሲሆነው ነው ልጅቷ የመጣችው። ብዙነሽ ትባላለች። ቀጭን፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ደብተሯን በፌስታል የጠቀለለች ልጅ። ካሜራ ያንጠለጠለ ልጅ አብሯት አለ፣ እሱ ወፍጮውን እያየ ቆመ። እሷ ግን በቀጥታ ወደኛ መጣች።

«እንዴት አደራችሁ አባቶቼ። ስለ በቅሎ ጥናት እየሠራሁ ነው፣ ካላስቸገርኳችሁ ልጠይቃችሁ ብዬ።»

ከድር ዘለለ፤ «ስለ በቅሎ? ለጥናት ሰው አልቆባችሁ ነው?»

«ሰውን የሚያጠኑት ክፍል ሞልቶባቸው ነው፣ ጋሼ። ለኔ የተረፋችሁት እናንተና በቅሎዎቻችሁ ናችሁ።»

ሳቅን። ከድር ራሱ ሳቀ፣ የተቀመጠበትን ድንጋይ ለቀቀላት። ጥያቄዋ ብዙ ነበር፦ የበቅሎዋ ዕድሜ ስንት ነው፣ በቀን ስንት ሰዓት ትሄዳለች፣ ውሃ መቼ ትጠጣለች፣ ስትቆስልባችሁ ምን ታደርጋላችሁ፣ ቁስሉን በጋለ ብረት ትተኩሳላችሁ ወይ። መለስኩላት። ከዚያ ጭነቱ ላይ ደረሰች።

«ወይዘሮ ስንት ፈረሱላ ትሸከማለች፣ ጋሽ አየለ?»

ከድርን አየሁት፣ አየኝ። «ሦስት» አልኳት።

ስድስት ነበር። ፈረሱላ አሥራ ሰባት ኪሎ ነው፤ የማያውቅ ካለ ያስላው።

ልጅቷ ስትሄድ እዚያው ሰበሰብኳቸውና «ማንም ሰው እውነተኛውን እንዳይነግራት፤ ግማሽ፣ ግማሽ ብቻ» አልኳቸው። ታላቃቸው ስለሆንኩ ሰሙኝ። ከቤንች ልጆች አንዱ «ግን ተማሪ ናት እኮ፣ ምን ታደርገናለች?» ቢል «አንተ ዝም በል፣ በቅሎህ ስትወድቅ ያኔ ትነግረኛለህ» አልኩት። ዛሬ ያ ልጅ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላምታዬ ያጥራል። የሚያስታውስ አይመስለኝም። እኔ ግን አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጣች። መጥታም ወፍጮ ቤት አትቀርም፣ መንገዱን አብራን ትወጣለች። ነጭ ሸራ ጫማ ነበራት፤ ከሁለተኛው ጉዞ በኋላ ነጭነቱን ያየው የለም። አልቅት እግሯ ላይ ሲጣበቅ መጀመሪያ ጮኸች፣ በኋላ ግን በጨው እያስለቀቀች እኛን ማስተማር ጀመረች። የወይዘሮን ቁስል ለብ ባለ የጨው ውሃ ታጥብልኛለች። ቁስሉ ትከሻዋ ጀርባ ላይ ነበር፣ መዳፍ ያክላል፤ ይደርቃል፣ እንደገና ይገለጣል። እኔ ስነካት የምትራገጠው በቅሎ እሷ ስታጥባት ጆሮዋን ጥላ ትቆማለች። ቀናሁ ብል ትስቃላችሁ። ቀንቻለሁ።

አንድ ቀን የሚንጠለጠል ኪሎ ከአንድ ቡና ነጋዴ ተውሳ አፋፉ ሥር ጠበቀችን። «ጋሽ አየለ፣ ዛሬ እንመዝነው።»

«ጭነት መንገድ ላይ አይወርድም።»

«ለትንሽ ጊዜ ነው።»

«ካወረድኩት ማን መልሶ ያሸክማታል? አንቺ?»

«እሺ ጠዋት ከመጫንዎ በፊትስ ብመጣ?»

«ጠዋት እኔ ስጭን አንቺ አልጋሽ ላይ ነሽ።»

ከድር ወደ ሌላ ዞሮ መጫኛ የሚያጠብቅ መሰለ። እሷ ኪሎውን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ቆመች፤ ከባድ ብረት ነበር፣ ከከተማ ድረስ በእግሯ ነው ያመጣችው። ከዚያ «ይሁን፣ ጋሼ። ቃልዎ ይበቃኛል» አለች። ይቺን ቃል ባላለችኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ ነገር ይቀለኝ ነበር።

ቃሌን ይዛ ነው እንግዲህ ሂሳቧን የሠራችው። ጭነቱ ቀላል ነው፣ በቅሎዎቹ ግን ቆስለዋል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የድልድሉ ነው አለች። ድልድል የምንለው ከጭነቱ ሥር ጀርባዋ ላይ የሚታሰረውን ነው፤ እኛ የደረቀ የኮባ ቅጠል ጆንያ ውስጥ እየጠቀጠቅን ነበር የምንሠራው። ቅጠሉ ሲርስ ይቋጠራል፣ ሲደርቅ እንደ እንጨት ይሆናል። እሷ ሌላ ሰፋች። ሁለት ረዣዥም ትራስ፣ ጭድ የተሞላ፣ መሀሉ ክፍት የሆነ፣ አከርካሪዋን ምንም እንዳይነካው። በገዛ እጇ፣ በጆንያ መርፌ ነው የሰፋችው፤ ጣቷ ላይ ፕላስተር ነበር። «ጥናቴ ቴፒ ላይ በሚደረገው ጉባኤ ከተመረጠ እንዲህ ያለውን ለሁላችሁም በቅሎ ያሠሩላችኋል» አለችን።

ከድር «ለወይዘሮማ ትራስ ተሰፋላት! ቀጥሎ ብርድ ልብስ ነው፣ ከዚያ ቡና በአልጋ ላይ ትጠጣለች!» ብሎ ወፍጮ ቤቱን በሳቅ ሞላው። እኔም ሳቅሁ። ልጅቷ በምትመጣበት ቀን ትራሱን አስርላታለሁ፣ ስትሄድ ፈትቼ የድሮውን እመልሳለሁ። ሰው ምን ይለኛል ነው ነገሩ። እንዲህ ያለ ግትር ሰው ነበርኩ፤ ነኝም።

ቴፒ የሄድነው ፀሐይ በከረረበት ወር ነው። በዩኒቨርሲቲው ግቢ የተማሪዎች የጥናት ጉባኤ ተዘጋጅቶ፣ ልጅቷ የበቅሎ ባለቤቶችን ወክዬ እንድገኝ ስሜን አስጽፋ ነበር። ለክርስትና ብቻ የምለብሰውን ኮቴን ለበስኩ። መንገዱ በቡና ተክል መሀል ነው የሚያልፈው፤ ግራና ቀኝ ጥላ ዛፍ፣ መስኮቱን ስትከፍት ሙቀቱ ፊትህን ይመታሃል። በሩ ላይ አንዲት ልጅ ስሜ የተጻፈበት ካርድ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። «አቶ አየለ» ይላል። ቆሜ ፊደል በፊደል አነበብኩት። በሕይወቴ ስሜ ታትሞ ያየሁት ያኔ ነው።

አዳራሹ በፕላስቲክ ወንበር ሞልቷል፣ ለእያንዳንዱ ሰው ውሃ ተቀምጧል። ፊት ለፊት ከአዲስ አበባና ከሌላም ቦታ የመጡ እንግዶች አሉ። አንዱ ተማሪ ስለ አህያ ሰኮና ተናገረ፣ ሌላው ስለ ጋሪ ፈረስ ሳል፣ አንዷ ደግሞ ቆላ ውስጥ ከብት ስለሚገድለው ስለ ገንዲ በሽታ። ግማሹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አልገባኝም፤ ሥዕሎቹ ግን ይገቡኛል። ለአህያና ለፈረስ ኮትና ክራባት የለበሰ ልጅ ሲጨነቅ ማየቴ ገረመኝ። እኛን ዕድሜያችንን ሙሉ በዚህ ጉዳይ የጠየቀን ሰው አልነበረም።

ብዙነሽ ተራዋ ሲደርስ የሰው ቀሚስ የሚመስል ሰፊ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። መብራቱ ጠፋ፣ ግድግዳው ላይ ወይዘሮ ወጣች። በቅሎዬ፣ እንደ ቤት ግድግዳ ተልቃ። ቁስሏም ተልቋል። መዳፍ የሚያክለው ቁስል ያን ጊዜ እኔን ያክል ነበር። ወንበሬ ውስጥ ገባሁ። እሷ ግን ሳትፈራ ተናገረች፣ ለኛ ለባለቤቶቹ ብላ መጨረሻውን በአማርኛ ደገመችው፣ ትራሱን ከፍ አድርጋ አሳየች። ተጨበጨበላት።

ከዚያ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽበታም ፕሮፌሰር እጃቸውን አነሱ። «የኔ ልጅ፣ በሦስት ፈረሱላ እንዲህ ያለ ቁስል? ጭነቱን መዝነሽዋል?»

«አልመዘንኩም፣ ባለቤቶቹን ጠይቄ ነው። ሁሉም የሰጡኝ መልስ ተቀራራቢ ነው። ታላቃቸው እዚህ አሉ።» ወደኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ምንም ጥርጣሬ አልነበረም፤ እሱ ነው የሚቆጨኝ። «ጋሽ አየለ፣ እስኪ ይንገሩልኝ።»

ድምፅ ማጉያውን አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ወይዘሮ ግድግዳው ላይ እንዳለች ናት፣ አላጠፏትም።

ዓይን ፈርቼ አይደለም። ሰው እንዲህ ብሎ እንዲያስብልኝ እፈልግ ነበር፣ ግን አይደለም። ስድስት ካልኩ ያ ግድግዳ የሚያክል ቁስል የኔ እጅ ሥራ ይሆናል። ሦስት ካልኩ የኮባ ቅጠሉ ነው። ይቺን ነው ያሰብኩት፣ በዚያች ቅጽበት።

«ሦስት ነው» አልኩ። ድምፄ ከግድግዳው ተመልሶ መጣብኝ።

ፕሮፌሰሩ ፈገግ አሉ፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። «አባቴ፣ እኔ የሲራራ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ለሦስት ፈረሱላ በቅሎ አይጫንም፤ እሱንማ እናቴም ታዝለው ነበር።» አዳራሹ ሳቀ። ወደ እሷ ዞሩና ቀስ ብለው «ድልድሉ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ልጄ። ግን ከሥር ያለው ቁጥር ካልታመነ ከላይ የሠራሽው ሁሉ አይታመንም። ሳትመዝኚ አትጻፊ» አሏት።

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለችና ተቀመጠች። ትራሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አላነሳችውም። የተመረጠው የአህያ ሰኮና ነው።

ወደ ውጭ ስንወጣ ማንጎ ዛፍ ሥር ለስላሳ ይዛልኝ መጣች፣ ተከፍቶ፣ ቀሰም ገብቶበት። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጋሽ አየለ፣ አሁን ማንም አይሰማንም። ለራሴ ልወቀው ብዬ ነው። ስንት ነው?»

ማንም አልነበረም እኮ። ዛፉ፣ እኔ፣ እሷ። አንዲት ቃል ነበረች።

«ሦስት አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ነው የምትጠይቂኝ?» ብዬ ጮህኩባት።

«ይቅርታ፣ ጋሼ። ለስላሳው እንዳይሞቅብዎት» ብላ ተነሣች። ስትመለስ በሌላ መኪና ነው የሄደችው። ትራሱን ግን ሹፌሩ ጋ ለኔ ብላ ትታልኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ትራሱን አሰርኩ፣ አራት ፈረሱላ ብቻ ጫንኩ። ከድር «ምን ሆነሃል፣ ቴፒ ላይ ጠንቋይ አገኘህ?» አለኝ። መጫኛዬን አጠበቅሁ። ሳቁብኝ፤ አንድ ሳምንት ሳቁ፣ ከዚያ ሰለቻቸው። ቁስሉ መድረቅ ጀመረ። እንደገና ይገለጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልተገለጠም። ክረምቱ ሲገባ በቦታው ፀጉር በቀለ፣ ነጭ ፀጉር፣ ቡላው ጀርባዋ ላይ አንድ መዳፍ ነጭ። ጥፋቱ የድልድሉም ነበር፣ የጭነቱም ነበር። ልጅቷ ግማሹን አግኝታው ነበር፣ ሌላውን ግማሽ ነው እኔ የደበቅኋት።

ያን ጊዜ ግትርነቴ ለቀቀኝ። ወይዘሮን ወንዝ ወስጄ አጠብኳት፣ ጋማዋን አበጠርኩ፣ ምንም ሳልጭንባት እየሳብኩ ሚዛን ከተማ ወዳለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሄድኩ። ዘበኛው ከሩቅ እጁን አነሣ።

«አባባ፣ እንስሳ አይገባም።»

«አላስገባም። አንዲት ተማሪ ጥራልኝ፣ ብዙነሽ የምትባል። በቅሎ የምታጠና።»

«ተመራቂ ናት?»

«መሰለኝ።»

«እነሱማ አለቁ። ባለፈው ሳምንት ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ።»

«የት?»

«ወደየአገራቸው ነዋ! የሷ አገር የት ነው?»

አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ወር እሷ እኔን ስትጠይቅ፣ የበቅሎዬን ጥርስ ሳይቀር ስትጠይቅ፣ እኔ አንድ ነገር አልጠየቅኋትም። አገሯን አላውቅ፣ የአባቷን ስም አላውቅ።

«የአባቷ ስም ማን ነው?» አለኝ ዘበኛው።

«ምናልባት ከመጣች» አልኩት፣ «ስድስት ነው በላት።»

«ምኑ ነው ስድስቱ?»

ወይዘሮ ሣሩን ትግጥ ነበር። ዘበኛው መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እሷን አየ። «ልጅቷ አገሯ ደርሳ ይሆናል አባባ፣ ወደ ቤት ይግቡ፣ ሊዘንብ ነው» አለኝ። አእምሮው የሄደ ሽማግሌ መስዬው ሳይሆን አይቀርም። ወይዘሮን ይዤ ተመለስኩ።

አሁን አስፋልቱ ገብቷል፣ ቡናውን ባጃጅና አይሱዙ ያወርደዋል። የወፍጮው ቦታ ላይ ሞባይል ይሸጣሉ። ከድር ጅማ ገብቶ እዚያው አረፈ። ወይዘሮ ጓሮዬ ውስጥ አርጅታ ነው የሞተችው፣ ያ ነጭ ምልክት ጀርባዋ ላይ እንዳለ። ትራሱ አለኝ፤ ጭዱን ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፣ ስፌቱን ግን አልነካሁትም። የልጄ ሚስት «ይጣል፣ አይጥ ይወልድበታል» ትላለች። እኔ ስሞት ትጣለው።

ብዙነሽ የት እንዳለች አላውቅም። የእንስሳት ሐኪም ሆና ይሆናል፣ የሰው ቃል አምና ሳትመዝን የማትጽፍ ሐኪም። ይሄንን የምታነብ ከሆነ ጥያቄዋ ማንጎ ዛፉ ሥር እንዳለ ነው፣ ሌላ ሰው አልመለሰውም። ስድስት ፈረሱላ ነበር፣ ብዙነሽ። ጆንያው በደረቀ ቀን ስድስት። ዝናብ ሲመታው ምን ያህል እንደሚሆን ግን እኔ መዝኜው አላውቅም፤ የምታውቀው ወይዘሮ ነበረች።